ሞተሩ ራሱን እንዲያጠፋ ሕጉ አዟል፤ ደንቡስ?

ለአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር
ዋሽንግተን ዲሲ

ግልባጭ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖቼ

ጉዳዩ፦ ቁልፍ አልባ መኪኖች (ቁልፉ በኪስ ሆኖ በአዝራር የሚነሱት) ሞተራቸውን በራሳቸው እንዲያጠፉ የሚያስገድደው ደንብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

በሰሜን ቨርጂኒያ የምኖር፣ በታክሲ ሥራ ቤተሰቤን የማስተዳድር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መሥሪያ ቤታችሁ በሕግ የታዘዘውንና ቀነ ገደቡ ያለፈበትን አንድ ደንብ እንዲያወጣ ለመጠየቅ ነው። የእንግሊዝኛውን ቅጂ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛ በግልጽ የማወጣው ደግሞ አደጋው በየቤታቸው ያለ፣ ነገር ግን በቋንቋቸው የነገራቸው ሰው የሌለ ብዙ ወገኖች እንዳሉኝ ስለማውቅ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ በእኔ ቤት የደረሰው በአንድ የክረምት ሌሊት ነው። ከሥራ ስመለስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሆኖ ነበር። ቤታችን ብዙ የሀገሬ ሰዎች በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ እንደሚኖሩበት ዓይነት ነው፤ ምድር ቤቱ ጋራዥ፣ ከበላዩ ሳሎንና የልጃችን ክፍል፣ ከዚያ በላይ እኛ የምንተኛበት ክፍል ነው። (ጋራዥ ስል መኪና የሚጠገንበትን ሳይሆን ከቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራውን የመኪና ማሳደሪያ ማለቴ ነው።) መኪናዬ በቤንዚንና በባትሪ የሚሠራ ሃይብሪድ በመሆኑ፣ ቀስ አድርጌ ሳስገባው የቤንዚን ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ይሄድ ነበር። ልክ ሳቆም እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች፤ በእነርሱ በኩል ረፋድ አራት ሰዓት ነው። ማርሹን ፒ (ማቆሚያው) ላይ አደረግሁ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ወረድሁ። መኪናው ጢጥ ጢጥ ሲል ሰምቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ቀበቶ ሳላስርም፣ በር ሳይገጥምም፣ ስቆልፈውም ያው ጢጥ የሚል ስለሆነ የተለየ ነገር የሚነግረኝ አልመሰለኝም። የጋራዡ በር ተዘጋ፤ እኔም ወደ ላይ ወጣሁ። ቁልፉ በጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ማጥፊያውን አዝራር ግን አልተጫንሁትም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የቀሰቀሰን መኝታ ቤታችን ደጃፍ ላይ የተሰቀለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸው ማንቂያ ነው። ባለቤቴ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። የስድስት ዓመት ልጃችንን ደጋግሜ ብጠራት አልነቃ ስላለችኝ አቅፌያት ወጣሁ፤ ውጭ በረዶው ላይ አስመለሳት። የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መለኪያቸውን ይዘው ገብተው ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱ የመኪናዬ ቁልፍ የት እንዳለ ጠየቀኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ አወጣሁት። መኪናው ግን በዚያች ሰዓት እንኳ፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ እየሠራ ነበር። ሆስፒታል ገብተን ኦክሲጅን ከተሰጠን በኋላ ሦስታችንም በጤና ወደ ቤታችን ተመልሰናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የሃይብሪድ መኪና ጠባይ በግልጽ ሊነገር ይገባዋል። አሽከርካሪው ሲወርድ ሞተሩ ዝም ማለቱ መኪናው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ በርቶ እስከቆየ ድረስ ማሞቂያው፣ መብራቱና ሌላው ሁሉ ከባትሪው ይጠጣል፤ ባትሪው ሲጎድል የቤንዚን ሞተሩ ማንም ሳያዘው ይነሳል፤ ሞልቶት ሲጠፋ እንደገና ይጎድላል፤ እንደገናም ይነሳል። ሰው በጆሮው አዳምጦ «ጠፍቷል» ብሎ በሙሉ ልብ ሊተኛ የሚችልበት መኪና ይህ ነው። እኔን ጨምሮ በዚህ ከተማ በታክሲ ሥራ ላይ ያለን ብዙ ሰዎች የምንነዳውም ቤንዚን ስለሚቆጥብልን ይህንኑ ዓይነት መኪና ነው።

ጋዙን የሀገሬ ሰው ከጥንት ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በከሰል በኩል ነው። በብርድ ጊዜ ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነሱ ቀሩ ሲባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። እናቶቻችን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው ጭሱ ካለቀ በኋላ የሚያስገቡት፣ በሩንም ገርበብ አድርጉት የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁንና ከሰል ቀልቶ ጭሱ ከጠፋም በኋላ የሚገድለው ነገር ከውስጡ መውጣቱን አያቆምም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ግን ሰው አያውቀውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ስለሚይዘው፣ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ጉንፋን የያዘው የሚመስለው ሰው ጋደም ይላል፤ ከጋዙ ሳይወጣ መጋደሙ ደግሞ ያባብሰዋል። በመኪናው የጭስ ማውጫ ላይ የተገጠመው ማጣሪያ ጋዙን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ሞተሩ የሚስበው አየር ኦክሲጅኑ እየሳሳ ሲሄድ የሚያወጣው መርዝ ይጨምራል።

ለመሆኑ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ ሞተሩ እንዴት ሊሠራ ቻለ? ጠቅላላ አቤቱታዬ የተንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንድዘገይበት ይፈቀድልኝ። በድሮው መኪና ቁልፉን አዙሮ ሳያጠፉ መንቀል አይቻልም ነበር፤ ቁልፉ በእጅህ ካለ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሞተሩ ከበራ ቁልፉ በእጅህ የለም። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ እጃችን በራሱ ጊዜ ተማረው። በመሥሪያ ቤታችሁ ደንብ ቁጥር 114 ግን «ቁልፍ» የሚለው ቃል ቁሳዊ መሣሪያን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን ለማስነሳት የሚያስችል ኤሌክትሮኒክ ኮድንም ይጨምራል። እንግዲህ የእኔ ዓይነት መኪና የሚነሳው በኮዱ ስለሆነ፣ በኪሴ ይዤው የዞርሁት ነገር በደንባችሁ ዓይን ቁልፍ አይደለም፤ እውነተኛው ቁልፍ መኪናው ውስጥ የቀረው ኮድ ነው። ቃሉ ያው ቃል ሆኖ ሲቀር ነገሩ ግን ተለወጠ። አሽከርካሪው ለአርባ ዓመት ሲሠራበት የኖረውን ልማድ ይዞ ሲወርድ፣ ልማዱ ይጠብቀው የነበረው ብረት ከቦታው ተነሥቷል። በዚህ አደጋ ከተጎዱት መካከል አረጋውያን የሚበዙትም ማስታወስ ስላቃታቸው ብቻ አይመስለኝም፤ የድሮውን ቁልፍ ከሁላችን በላይ የለመዱት እነርሱ ናቸው።

ይህንን ለመሥሪያ ቤታችሁ አዲስ ነገር አድርጌ አላቀርብም። በዲሴምበር 2011 እናንተው ራሳችሁ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ይዞ የሚወርድ አሽከርካሪን የሚያስጠነቅቅ ከፍ ያለ ድምፅ በመኪኖች ላይ እንዲገጠም ሐሳብ አቅርባችሁ ነበር፤ ወጪውንም ለመላው የመኪና ኢንዱስትሪ በዓመት ከ500,000 ዶላር በታች ብላችሁ ገምታችሁት ነበር። አምራቾች ተቃወሙ፤ ሐሳቡም ደንብ ሳይሆን ቀረ። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በሜይ 2018 ባወጣው ምርመራ፣ ከ2006 ወዲህ በቁልፍ አልባ መኪኖች በወጣ ጋዝ ቢያንስ 28 ሰዎች እንደሞቱና 45 እንደተጎዱ ቆጠረ። በዚያን ጊዜ በዚህ ሀገር በየዓመቱ ከሚሸጡት 17 ሚሊዮን ያህል አዲስ መኪኖች ከግማሽ በላይ የሆኑት በአዝራር የሚነሱ ነበሩ። ኮንግረሱም ነገሩን በእጁ አስገባ፤ በኖቬምበር 15 ቀን 2021 የተፈረመው ትልቁ የመሠረተ ልማት ሕግ፣ የነዳጅ ሞተር ያላቸው ቁልፍ አልባ መኪኖች ቆመው ለተወሰነ ጊዜ ከሠሩ በኋላ ሞተራቸውን በራሳቸው እንዲያጠፉ የሚያስገድድ የመጨረሻ ደንብ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲወጣ አዘዘ። ሁለቱ ዓመታት በኖቬምበር 2023 ሞሉ፤ ደንቡ ሳይወጣም ቀኑ አለፈ።

አንዳንድ አምራቾች ደንቡን አልጠበቁም። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ መኪኖቹ ላይ ራስ በራስ ማጥፊያ እንደሚያስገባ በጁን 2019 አስታውቋል። ፎርድም መኪናው ቁልፉ በሌለበት ለ30 ደቂቃ ቆሞ ሲሠራ ሞተሩን የሚያጠፋ ዘዴ ከዚያ ቀደም ብሎ አስገብቷል። ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በ2015 ወደ 64,000 የሚጠጉ ሸቭሮሌ ቮልት መኪኖችን ለጥገና ጠርቶ፣ አሽከርካሪው ሳያጠፋው የወረደ መኪና ያለ ገደብ በርቶ እንዳይቆይ በሶፍትዌር አስተካክሏቸዋል። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ቀድሞውኑ ተሽጦ በሰው እጅ የገባ መኪና፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ ሊታረም እንደሚችል ያሳያል።

ድምፅ ብቻ በቂ ነው ለሚሉ ሰዎች የምመልሰው ከዚያች ሌሊት የተማርሁትን ነው። ማስጠንቀቂያ የሚነገረው ሰው በዚያች ደቂቃ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው፤ ልቡ ከመኪናው ጋር ቢሆንማ ኖሮ ባላስፈለገው ነበር። ቀጭን ድምፅ የማይሰሙ ሽማግሌዎች አሉ፤ የጋራዥ በር ይጮኻል፤ ልጅ ያለቅሳል፤ ስልክ ይደውላል። በዚያ ላይ የዛሬ መኪና ለትንሹም ለትልቁም ነገር ያንኑ አንድ ድምፅ ስለሚያሰማ፣ ጆሯችን ንቆት እንዲያልፈው አሠልጥኖናል። ከአደጋው በኋላ የጠየቁኝ ወዳጆቼ ሁሉ «እንዴት ረሳኸው?» አሉኝ። ጥያቄው ቅን ቢሆንም የተጠየቀው ሰው ትክክለኛው አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት በሩ ተከፍቶ መዘጋቱን፣ ወንበሩ ባዶ መሆኑን፣ ማርሹ ፒ ላይ መሆኑን፣ ቁልፉም ከአጠገቡ መራቁን ሁሉ በሴንሰሮቹ እያወቀ ለሁለት ሰዓት ዝም ብሎ እንዲሠራ የታዘዘው መኪና ነው።

አውቀው ሞተር እያሠሩ መኪና ውስጥ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፣ በመንገድ ላይም በድንገት ቢጠፋ አደጋ ያመጣል የሚለውን ሥጋት እረዳለሁ። ታክሲ ነጂ ስለሆንሁ በብርድ ተሳፋሪ ስጠብቅ እኔም ሞተር አሠራለሁ። ነገር ግን ወንበር ላይ ሰው ሲኖርና ቁልፉ ውስጥ ሲሆን መኪናው ያውቃል፤ እየተጓዘ መሆኑንም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከቤት ሆነን በሪሞት የምናስነሳቸው ብዙ መኪኖች ሰው ካልገባባቸው ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሆን ተብሎ የተነሣውን መኪና ማጥፋት የሚያውቅ ማሽን፣ ተረስቶ የቀረውን ማጥፋት አይችልም ሊባል አይገባም።

ስለ ደቂቃው ብዛትም ሐሳብ አለኝ። ሠላሳ ደቂቃ መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ረጅም ነው፤ ያን ያህል ሳይቆይ ጋዙ ወደ መኖሪያው ክፍል መግባት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ደንቡ ሁለት ሁኔታዎችን እንዲለይ እጠይቃለሁ፤ ቁልፉ ከመኪናው ርቆ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጥፋ፤ ሰው ውስጡ ካለ ግን ጊዜው ይርዘም። ለሃይብሪድ መኪና ደግሞ ቆጠራው የቤንዚን ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሳይሆን አሽከርካሪው ከወረደበት ቅጽበት መጀመር አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ቆጠራው እንደ አዲስ እየጀመረ ሌሊቱ ይነጋል።

ሌላው ብርቱ ጭንቀቴ ያገለገሉ መኪኖች ናቸው። ደንቡ ነገ ቢወጣ የሚይዘው ገና የሚመረቱትን ነው። ከሀገር ቤት መጥቶ እዚህ ሥራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያ መኪናው አዲስ አይሆንም፤ ስምንትና አሥር ዓመት ያገለገለ፣ ሁለትና ሦስት ባለቤት ያፈራረቀ ነው። እነዚህ ከ2020 በፊት የተመረቱ ቁልፍ አልባ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት በየጋራዣችን ያድራሉ። መሥሪያ ቤታችሁ ጉድለት ያለበት መኪና ተጠርቶ እንዲታረም የማድረግ ሥልጣን አለው፤ በ2015 በአንድ ሞዴል ላይ በሶፍትዌር የተሠራው ሥራ በሌሎቹም ላይ እንዲሠራ አምራቾችን እንድትጠይቁ፣ የማይቻልባቸው ሞዴሎች ካሉም የትኞቹ እንደሆኑ ለሕዝብ በዝርዝር እንድታሳውቁ እለምናለሁ።

መኪና ተንከባሎ ሰው ስለሚያደርስበት ጉዳት ብዙ አልጽፍም፤ ምንጩ ግን ያው ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ባለው መኪና የድሮው ቁልፍ ማርሹ ፒ ላይ ካልሆነ አይነቀልም ነበር። ዛሬ ማርሹ ዲ (መሄጃው) ላይ እንዳለ ወይም ነጻ ሆኖ ቁልፉን በኪሱ ይዞ መውረድ የሚችል ሰው አለ፤ የአሽከርካሪው በር ሲከፈት በራሳቸው ወደ ፒ የሚገቡ መኪኖችም በገበያ ላይ አሉ። የ2021ዱ ሕግ ይህም እንዲጠና አዟልና ጥናቱ ከደንቡ ጋር አብሮ እንዲታይ እጠይቃለሁ።

ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ማስጠንቀቂያው በምንረዳው ቋንቋ ይድረሰን። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ጽሑፎቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ለመተርጎም መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤትም ይህንኑ ቢያደርግ ጽሑፉን በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ፣ በየገበያውና በየታክሲ ማቆሚያው ለማደል እኔና ባልደረቦቼ ዝግጁ ነን።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወገኖቼ። ከጋራዥ ጋር በተያያዘ ቤት የምትኖሩ ሁሉ ማንቂያውን በእያንዳንዱ የመኝታ ክፍል አቅራቢያ ስቀሉ፤ ምድር ቤት የሚተኛ ሰው ካለ እዚያም ይሰቀል። ይህን የምለው ስለ እናቶቻችን እያሰብሁ ነው፤ ልጃቸውን ሊያርሱ ከሀገር ቤት መጥተው ከጋራዡ ግድግዳ አጠገብ ባለው የእንግዳ ክፍል የሚተኙት እነርሱ ናቸው፤ ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነና ሲጮኽ ሕፃኑን አቅፈው ወደ ደጅ መውጣት እንዳለባቸው በመጡበት ቀን ንገሯቸው። የማንቂያው ባትሪ ሲደክም በየደቂቃው ጭር ጭር እያለ ያሰለቻል፤ ሰልችቷችሁ አትንቀሉት፤ ባትሪውን ቀይሩለት፤ ከጀርባው የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ካለፈም ጣሉትና ሌላ ግዙ። ሲጮኽ ምንጩን ለመፈለግ ወደ ጋራዥ አትውረዱ፤ መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ፤ ከዚያ 911 ደውሉ። ጋራዡን ከፍቶ ሞተር ማሞቅም አያድንም፤ በሩ ክፍት ቢሆንም ጋዙ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል።

ያገለገለ ቁልፍ አልባ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ራሱን ያጠፋ እንደሆነ መመሪያ መጽሐፉን ተመልከቱ። በቃል የሚነግራችሁን ሻጭ አትመኑ፤ ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ፒ ላይ አድርጋችሁ፣ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ይዛችሁ ውረዱና ራቅ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በመኪናው መስታወት ሥር የተጻፈውን አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር በዚሁ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ እንዳለበት እዩ። እኔ የደረሰብኝን እንደ እኔ ያያችሁ ካላችሁ፣ ማንም ባይጎዳም እንኳ፣ እዚያው ላይ አቤቱታችሁን አስመዝግቡ፤ መሥሪያ ቤቱ የጥገና ጥሪ የሚያስፈልገውን መኪና ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ይህ የአቤቱታ መዝገብ ነው። «ረስቼ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ዝም ያለ ሰው ግን መዝገቡ ላይ የለም።

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣ የደንቡ ረቂቅ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ፣ ለሕዝብ አስተያየት የሚቀርበው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ የመጨረሻው ደንብ የሚወጣበትንም ቀን በይፋ እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ። አቤቱታዬን ከመኪናዬ መለያ ቁጥርና ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሪፖርት ጋር አያይዤ ለመሥሪያ ቤታችሁ አስገብቻለሁ፤ ለምስክርነት በተጠራሁ ጊዜም እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በሰሜን ቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነ የታክሲ አሽከርካሪ